ምስሉ የማን ነው? እጁስ የማን?

ስለ ጥንት ሮማውያን የፈርጥ ቅርጽና የገንዘብ መምቻ ጥበብ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በአዳራሹ የተደረገ ንግግር)



ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምረን የምናውቀው አንድ የወንጌል ታሪክ አለ። ለቄሣር ግብር መክፈል ይገባል ወይስ አይገባም ብለው ጌታችንን በንግግር ሊያጠምዱት በመጡ ጊዜ አንድ ዲናር እንዲያሳዩት ጠየቀ፤ ባመጡለትም ጊዜ ምስሉና ጽሕፈቱ የማን እንደ ሆነ መልሶ ጠየቃቸው። የቄሣር ነው አሉ። ስለዚህ ታሪክ በጸሎት ቤት ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ እኔ ዛሬ የተነሣሁት ሌላ ስብከት ለመጨመር አይደለም። የእኔ ጥያቄ ከዚያ በጣም ያነሰች፥ ሰባኪ ሁሉ ሳያያት የሚያልፋት ጥያቄ ናት። ምስሉ የቄሣር መሆኑን አምነናል። ያን ምስል የቀረጸው እጅ ግን የማን ነበር?

ብዙ ሊቃውንት እንደሚገምቱት ያ ዲናር ከ14 እስከ 37 ዓ.ም. የነገሠው የጢባርዮስ ቄሣር ዲናር ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካልተናገርሁ በቀር፥ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዲናሩ የብር ነው፤ ክብደቱ ከ4 ግራም ጥቂት ያንሳል፤ ስፋቱም ከአውራ ጣታችን ጥፍር ጥቂት ቢበልጥ ነው። በአንደኛው ወገን የቅጠል አክሊል የደፋ የጢባርዮስ ራስ አለ፤ በሁለተኛው ወገን አንዲት ሴት በአንድ እጇ ረጅም በትር፥ በሌላው እጇ ቅርንጫፍ ይዛ በዙፋን ተቀምጣለች። ከሁለቱም ዙሪያ ጽሕፈት አለ። በዚህች ጠባብ ቦታ የጠጕሩ ዘለላ፥ የጆሮው ጥምዝ፥ የሴቲቱ ልብስ እጥፋት ሳይቀር ይለያል። ጢባርዮስ በነገሠባቸው ሃያ ያህል ዓመታት ይኸው አንድ ዓይነት ምስል ደጋግሞ ተመታ፤ ዳሩ ግን ተመራማሪዎች አንዱን ከአንዱ ሲያስተያዩ የዙፋኑ እግር አንዳንዱ ጌጠኛ፥ አንዳንዱ ልሙጥ ሆኖ ያገኙታል። ይህም ብዙ እጆች አንዱን ምስል እየገለበጡ እንደ ሠሩት ያሳያል።

እንግዲህ ሥራውን ለመረዳት አስቀድሞ ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። ቀራጩ የሚሠራው እኛ የምናየውን አይደለም። እኛ የምናየው ጕንጭ ወደ ውጭ ያበጠ ነው፤ እርሱ የሠራው ግን ጕድጓድ ነው። ከፍ ብሎ እንዲታይ የሚፈልገውን ሁሉ ጠልቆ መቈፈር አለበት። ወደ ቀኝ የሚመለከተውን ፊት ወደ ግራ አዙሮ፥ ፊደሉንም ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ገልብጦ ይቀርጻል። ሥራው ፍጹም ሆኖ የሚታየው በሰም ወይም በብር ላይ ከታተመ በኋላ ብቻ ነው። አያቶቻችን የማርትሬዛን ብር ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ትንንሽ ነጠብጣቦች እየቈጠሩ፥ አንዲት ብትጐድል አንቀበልም ይሉ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ይነግሩናል። ሳያውቁት የአንድ ቀራጭን እጅ ይመረምሩ ነበር ማለት ነው።

ይህ የተገለበጠ ጥበብ በሮም ሁለት ቤት ነበረው። አንደኛው የቀለበት ፈርጥ የሚቀረጽበት የዕንቍ ሠሪው ቤት ነው፤ ሁለተኛው የመንግሥት ገንዘብ የሚመታበት ቤት ነው። ከዕንቍው እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም የበለጠው ችግር ከዚያ ነው።

ሮማውያን ለማኅተም አብዝተው ይወዱት የነበረው ድንጋይ ሰርድዮን ነው፤ በዮሐንስ ራእይ ከኢየሩሳሌም መሠረቶች መካከል የተቈጠረው ቀዩ ድንጋይ ማለት ነው። ኢያስጲድ፥ አሜቴስጢኖስና ሰርዶንክስም ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ከባልጩት ወገን ስለ ሆኑ እጅግ ጠንካሮች ናቸው። ሞስ የተባለው ጀርመናዊ በ1812 ዓ.ም. ባወጣው የጥንካሬ መለኪያ እነዚህ ድንጋዮች ወደ 7 ሲደርሱ ተራ ብረት 5 እንኳ አይሞላም። በቢላዋ ሰርድዮንን ብትፍቁ የሚያልቀው ቢላዋው ነው። ታዲያ እንዴት ቀረጹት?

ጥበቡ ብረቱ ድንጋዩን እንዳይቈርጥ፥ ይልቁንም ዱቄት እንዲቈርጠው ማድረግ ነው። ቀራጩ ጫፉ እንደ ፍሬ የደበለበለ ወይም እንደ ትንሽ መንኰራኵር ጠፍጣፋ የሆነ ለስላሳ ብረት ይይዛል። ጫፉን በዘይት የተለወሰ የጠንካራ ድንጋይ ዱቄት ይቀባዋል፤ የዚህ ዱቄት ዝነኛ መገኛ የግሪክ ደሴት የሆነችው ናክሶስ ነበረች። ከዚያ ብረቱን እንደ ቀስት በተወጠረ ጠፍር ጠምጥሞ ወዲያና ወዲህ ያሽከረክረዋል። ዱቄቱ በለስላሳው ብረት ውስጥ እየተሰነቀረ ድንጋዩን በጥቂት በጥቂቱ ይበላዋል። ክብ ጫፍ ለጕንጭ፥ ጠፍጣፋው መንኰራኵር ለጠጕርና ለልብስ እጥፋት፥ ሹሉ ለዓይን ብሌን ያገለግላል። በ79 ዓ.ም. ቬሱቭዮስ የተባለው ተራራ እሳት ሲተፋ የሞተው ፕሊንዮስ ስለ ተፈጥሮ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ፥ ቀራጮች የአልማዝ ስባሪ በብረት ላይ ሰክተው እጅግ ጠንካራውን ድንጋይ በቀላሉ ይቦረቡሩ እንደ ነበር ይመሰክራል።

ዱቄቱ በዘይት ስለ ተለወሰ ቀራጩ የሚቈፍረውን በሚቈፍርበት ጊዜ አያየውም። መሰርሰሪያውን አቁሞ፥ ድንጋዩን ጠርጎ፥ ምናልባትም በሰም ላይ ተጭኖ አይቶ፥ እንደ ገና ይጀምራል። ለዓይኑም ትልቅ ጭንቅ ነበር። ፕሊንዮስ የዕንቍ ቀራጮች ዓይናቸው ሲደክም አረንጓዴውን መረግድ እየተመለከቱ ያሳርፉት እንደ ነበር ጽፏል። ሴኔካ ደግሞ ውኃ በተሞላ የብርጭቆ ሉል በኩል ሲያዩት ደቃቅ ፊደል ትልቅና ጥሩ ሆኖ እንደሚታይ ይናገራል። ቀራጮቹ እንዲህ ያለውን ማጉያ በሥራቸው ላይ ያኖሩት ነበር ወይስ በባዶ ዓይን ይሠሩ ነበር የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔ ግን የመረግዱን ወሬ እወደዋለሁ፤ ከመጽሐፍ ሁሉ በላይ ያን ጐንበስ ያለ ሰው ለአንዲት ደቂቃ ቀና ብሎ ያሳየኛልና።

የቀለበት ፈርጥ ለሮማዊ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ደብዳቤው፥ ውሉ፥ የጓዳው ሣጥን፥ ኑዛዜው የሚታሸገው በእርሱ ነው። ስለዚህ ማኅተም የሰው ቃል ምትክ ነበረ። አውግስጦስ በመጀመሪያ የሚያትመው ስፊንክስ በሚባለው፥ እንቈቅልሽ በሚጠይቀው የተረት አውሬ ምስል ነበር። ከእናቱ ቀለበቶች መካከል ፍጹም የሚመሳሰሉ ሁለት ስፊንክሶች አግኝቶ ነበርና፥ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ እርሱ በሌለበት ወዳጆቹ በሁለተኛው እያተሙ በስሙ ትእዛዝ ይልኩ ነበር። ተቀባዮቹም ይህ ስፊንክስ እንቈቅልሽ ይዞ መጣ እያሉ ይቀልዱ ነበር ይላል ፕሊንዮስ። የአውግስጦስ ወዳጅ የማይቄናስ ማኅተም ደግሞ እንቍራሪት ነበረች። ያች ትንሽ እንቍራሪት በደብዳቤ ላይ ስትታይ የገንዘብ መዋጮ መጥቷል ማለት ስለ ነበረ ሕዝቡ እጅግ ይፈራት ነበር። የሀገራችን ሰው ቢሆን ኖሮ ስንት ተረት ባወጣላት!

በኋላም አውግስጦስ ስፊንክሱን ትቶ በታላቁ እስክንድር ምስል፥ በመጨረሻም በራሱ ምስል ማተም ጀመረ። ይህን የራሱን ምስል የቀረጸለት ሰው ስሙ ተጽፎልናል፤ ዲዮስኮሪዴስ ይባላል። ከእርሱ በኋላ የነገሡትም በዚሁ ማኅተም መጠቀማቸውን የታሪክ ጸሐፊው ሲዊቶንዮስ ይናገራል። የዲዮስኮሪዴስ ስም በታሪክ ጸሐፊዎች መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በድንጋዮቹም ላይ አለ፤ ከምስሉ ጐን በግሪክ ፊደል፥ ዓይን በማትደርስበት ደቃቅ ጽሕፈት ፈርሟል። ሄሮፊሎስ፥ ኤውቲኬስና ሂሎስ የተባሉት ቀራጮችም የዲዮስኮሪዴስ ልጆች መሆናቸውን እየጻፉ ፈርመዋል። እንግዲህ ጥበቡ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ፥ ልጆቹም በአባታቸው ስም የኰሩ ነበሩ። ኤውቲኬስ ከአባቱ ስም ሌላ የአገራቸውን ከተማ ጭምር ጽፏል። ኤዎዶስ የተባለው ቀራጭም የንጉሠ ነገሥት ቲቶን ልጅ የዩልያን ፊት እንደ ባሕር ውኃ በጠራ ድንጋይ ላይ ቀርጾ ስሙን አኑሯል፤ ይህ ድንጋይ ዛሬ በፓሪስ ይገኛል።

ወደ ውስጥ ከሚቈፈረው ሌላ ወደ ውጭ ጐልቶ የሚቀረጽ ዕንቍም ነበራቸው። ለዚህ የሚመርጡት ነጭና ጥቁር ንጣፍ እንደ እንጀራ የተደራረበበት ድንጋይ ነው። ነጩን ለሰው አካል ይተዉታል፥ ጥቁሩን ለመደቡ ያወጡታል። በቪየና ያለው የአውግስጦስ ዕንቍ ቁመቱ 19 ሳንቲሜትር፥ ወርዱ 23 ሳንቲሜትር ነው። ከላይ አውግስጦስ ሮም ከምትባለው አምላካቸው ጋር ተቀምጧል፤ ከታች ወታደሮች የድል ዓምድ ሲያቆሙ ምርኮኞች መሬት ላይ ተንበርክከው ይታያሉ። ሥራው የዲዮስኮሪዴስ ነው የሚሉ አሉ፤ ፊርማ ግን የለበትም። ይህ በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው፤ ዳሩ ግን ለቤተ መንግሥት የተሠራ ነገር ስለ ሆነ እኔ ከትንንሾቹ ጋር እቈያለሁ።

ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ የሚገኙት የት ይመስላችኋል? በመታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ውስጥ! ሮማዊው ወደ ሙቁ ውኃ ሲገባ ፈርጡን ከቀለበቱ ጋር ያጣበቀው ሙጫ በእንፋሎቱ ይለቅና ድንጋዩ ወደ ቦዩ ይወድቃል። በእንግሊዝ አገር በካርላይል ከተማ በተቈፈረ የሮማውያን መታጠቢያ ቤት ከ30 በላይ እንዲህ ያሉ ፈርጦች መገኘታቸው በ2023 ዓ.ም. ተነግሯል። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ተጣጥቦ ሲወጣ ባዶ ቀለበቱን የተመለከተው ሰው ምን እንዳለ መገመት አያስቸግርም።

ከክርስቲያኖች ወገንም የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ በሁለተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ገደማ ምእመናን ለማኅተማቸው ምን ዓይነት ምስል ይምረጡ ለሚለው ምክር ሰጥቷል። ርግብ፥ ዓሣ፥ መርከብ፥ በገናና መልሕቅ ይፈቅዳል፤ የጣዖት ፊት፥ ሰይፍና ቀስት፥ የመጠጥ ጽዋ ግን አይፈቅድም። ቀራጩን አልነቀፈም፤ ምን እንዲቀርጽ ብቻ ነው የነገረው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቤት እንሻገር። መሻገሪያ የሚሆነን በ1985 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስኔቲሻም የተገኘ አንድ ማሰሮ ነው። ማሰሮው በሁለተኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ገደማ የተቀበረ የአንድ አንጥረኛ ንብረት ነበር። በውስጡ ገና በቀለበት ላይ ያልተሰኩ 110 የተቀረጹ ሰርድዮኖች፥ ብዙ የብር ቀለበቶችና የብር ዲናሮች ተገኙ። ዲናሮቹ ለገበያ ብቻ የተቀመጡ አይመስሉም። አንጥረኛው የቄሣርን ፊት አቅልጦ ቀለበት ይሠራበት ነበር፤ በቀለበቱም ላይ ሌላ ቀራጭ የቈፈረውን ፈርጥ ይሰካ ነበር። ገንዘብና ፈርጥ በአንድ ማሰሮ ውስጥ ተገናኙ።

ገንዘብ የሚመታበትን የተቀረጸ ብረት በዚህ ንግግር መምቻ እለዋለሁ። ሁለት መምቻዎች አሉ። የታችኛው በመስፍ ላይ ተሰክቶ የሚቀመጥ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የንጉሡ ፊት ያለበት እርሱ ነው። የላይኛው በእጅ የሚያዝ ሲሆን የጀርባውን ምስል ይይዛል። ተመዝኖ የተዘጋጀው የብር ክብ በእሳት ይግላል፤ አንዱ ሠራተኛ በጕጠት ይዞ በታችኛው መምቻ ላይ ያኖረዋል፤ ሌላው የላይኛውን መምቻ ይደግንበታል፤ ሦስተኛው በመዶሻ ይመታል። አንድ ምት፥ ሁለት ፊት። መምቻው ብርን የሚያሸንፍ መሆን አለበትና ወይ ከብረት ይሠራል፥ ወይ ቈርቈሮ ከበዛበት ነሐስ። ቈርቈሮ ሲበዛ ነሐሱ ይጠነክራል፥ ዳሩ ግን እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ቀራጩ በጥንካሬና በስብራት መካከል ነው የሚሠራው።

መዶሻው በቀጥታ የሚያርፈው በላይኛው መምቻ ላይ ስለ ሆነ ከታችኛው ይልቅ ቶሎ የሚያልቀው እርሱ ነው። አንዳንድ ጊዜም የተመታው ገንዘብ በላይኛው መምቻ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መቺዎቹ ሳያዩት አዲስ ብር አኑረው ሲመቱ፥ አዲሱ ብር በአንድ ወገን የንጉሡን ፊት ጐልቶ፥ በሌላው ወገን ያንኑ ፊት ወደ ውስጥ ጐድጕዶ ይይዛል። እንዲህ ያለው ጕድለት ያለበት ዲናር ለኛ ትልቅ መምህር ነው፤ መምቻው ራሱ ጠፍቶ ሳለ ቀራጩ ያየውን የተገለበጠ ፊት ያሳየናልና።

ስለ መሣሪያዎቹ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት የተመታ አንድ ዲናር ነው። በአንዱ ወገን ሞኔታ የተባለችው የሮም አምላክ ራስ አለ። ገንዘብ የሚመታበት ቤት በመቅደሷ አጠገብ ስለ ነበረ አውሮጳውያን ዛሬ ገንዘብን የሚጠሩበት ቃል ከስሟ ወጣ። በሌላው ወገን ግን ንጉሥም አምላክም የለም፤ ያሉት መዶሻ፥ ጕጠትና መምቻ ናቸው። እኔ የአንጥረኛ ልጅ ነኝ። የዚህን ዲናር የጐላ ፎቶግራፍ ለአባቴ ባሳየኋቸው ጊዜ ምንም ሳልነግራቸው፥ «ይህ ጕጠት ነው፤ ይህ መዶሻ ነው፤ እጀታው ግን አጥሯል» አሉኝ። ሮም የት እንዳለች አልጠየቁኝም።

ዳሩ ግን በዚያ ዲናር ላይ የተጻፈው ስም የቀራጩ አይደለም። ቲቶ ካሪስዮስ የሚል ነው። ካሪስዮስ ከትልቅ ቤት የተወለደ፥ ገንዘብ እንዲያስመታ ለጊዜው የተሾመ ሹም ነበር። መዶሻ አላነሣም፥ ብረትም አልቈፈረም። መሣሪያው የሠራተኛው፥ ስሙ የሹሙ! ይህን ባየሁ ቍጥር እስቃለሁ፤ ከሣቁ በታች ግን ሌላ ነገር አለ።

የሥራውን ብዛት ደግሞ አስቡ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ82 ዓመት ፑብልዮስ ክሬፑስዮስ የተባለው ሹም ባስመታው ዲናር ጀርባ ላይ እያንዳንዱ መምቻ የራሱ ተራ ቍጥር ተቀርጾበታል። ቍጥሩ ከ500 በላይ ይደርሳል። ይህ የአንድ ሹም፥ የጀርባው መምቻ ብቻ መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱም በእጅ የተቈፈረ ፈረሰኛ አለበት። የሀገሩ ጕዳይ ሲታወክ ደግሞ ሥራው ይብሳል። በ69 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ነገሥታት በሮም ተፈራርቀዋል፤ ጋልባ፥ ኦቶን፥ ቪቴልዮስና ቬስፓስያኖስ። ወታደሩ ገና ደመወዙን ሲጠይቅ ቀራጩ አዲሱን ፊት መቈፈር አለበት። ኦቶን የነገሠው ሦስት ወር ብቻ ነው፤ ጠጕሩ ስለ ሳሳ ሰው ሠራሽ ጠጕር ያደርግ እንደ ነበር ሲዊቶንዮስ ጽፏል። በገንዘቡም ላይ ጠጕሩ በተርታ ተሰልፎ እንደ ቆብ ተቀምጧል። ቀራጩ አልዋሸም፥ ግን አልተሳደበምም። ጋልባን ሽማግሌ፥ ቪቴልዮስን ጕንጨ ወፍራም አድርጎ እንደ ነበሩ ቀርጿቸዋል። ለነገሥታት ይህን ያህል እውነት የተናገረ አገልጋይ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

እነዚህ ሰዎች ማን ነበሩ? በ115 ዓ.ም. በትራያኖስ ዘመነ መንግሥት የገንዘብ ቤቱ ሠራተኞች ለአማልክቶቻቸው ያቆሟቸው የድንጋይ ጽሑፎች በሮም ተገኝተዋል። በእነርሱም ላይ መዶሻ መቺዎቹ፥ ብሩን በመምቻው ላይ የሚያኖሩትና የመምቻ ቀራጮች እንደ ሆኑ የሚገመቱት በየሥራቸው ተጠርተዋል። ባሮችና ነፃ የወጡ ባሮች ነበሩ። እንግዲህ በንጉሥ ፊት ላይ ሥልጣን ያለው እጅ በራሱ አካል ላይ ሥልጣን አልነበረውም።

ከሮማውያን በፊት በሲሲልያ ደሴት በሲራኩስ ከተማ የነበሩት ግሪኮች ኪሞንና ኤዋይኔቶስ ግን በአምስተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት፥ በቀረጿቸው መምቻዎች ላይ ስማቸውን ፈርመዋል። እንግዲህ መፈረም የማይቻል ነገር አልነበረም። ታዲያ ሮማዊው የዕንቍ ቀራጭ ሲፈርም የመምቻ ቀራጩ ስለምን አልፈረመም? አንዳንዶች ዕንቍ ለዘለዓለም፥ መምቻ ግን እስኪሰበር ነው ይላሉ። ይህ አያረካኝም፤ መምቻው ቢሰበር ገንዘቡ ይቀራልና። እኔ እንደሚመስለኝ ዕንቍው የአንድ ባለጸጋ ነው፤ የሠሪው ስም ሲኖርበት ዋጋው ይጨምራል። ገንዘብ ግን የመንግሥት ቃል ነው፤ በዚያ ላይ ሁለተኛ ስም ቢጻፍ ቃሉን ከሁለት የሚከፍለው ይመስላል። የባሪያ ስም በቄሣር አንገት ሥር እንዲነበብ ማን ይፈቅዳል?

ስማቸው ባይጻፍም ኀይላቸው አንድ ጊዜ ታይቷል። በ271 ዓ.ም. ገደማ በአውሬልያኖስ ዘመን የሮም ገንዘብ ቤት ሠራተኞች ብሩን አጕድለዋል ተብለው ሊቀጡ ሲሉ ዐመፁ። በከተማይቱ ውስጥ በተደረገው ውጊያ 7 ሺህ ያህል ወታደሮች እንደ ሞቱ የጥንት ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ቍጥሩ የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በዚያ ዘመን ገንዘቡ በስሙ ብር፥ በባሕርዩ መዳብ ሆኖ ነበር። ማንስ ብሩን ቀድሞ አጐደለው? ሠራተኛው ወይስ ያዘዘው?

ይህ ጥበብ ወደኛም አገር ደርሷል። በሦስተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ በአክሱም የወርቅ፥ የብርና የነሐስ ገንዘብ ማስመታት ጀመሩ። የወርቁ ክብደት የሮማውያንን ሚዛን የተከተለ ነበር፤ ጽሕፈቱም በባሕር ማዶ እንዲነበብ በግሪክ ነው። የአክሱም ቀራጮች ግን ሮምን እንዲያው አልገለበጡም። የንጉሡን ፊት በሁለት የእህል ዛላ መካከል አኖሩት። ከዚያም በላይ በአንዳንዱ የብርና የነሐስ ገንዘብ ላይ፥ በትንሹ ክብ ውስጥ ብቻ ወርቅ ለበጡበት፤ ይህን የሚያህል ደቃቅ ሥራ በሌሎች አገሮች ገንዘብ ላይ አይገኝም። በንጉሥ ዒዛና ዘመን ደግሞ ጨረቃው ተነሥቶ መስቀል በመምቻው ላይ ተቀረጸ። የነገሥታቱን ስም ከዚሁ ገንዘብ እናነባለን፤ አንዳንዶቹን ነገሥታት በሌላ መንገድ ባላወቅናቸው ነበር። መስቀሉን የቀረጸው ሰው ስም ግን የለም።

ለብረት ሠሪ በአገራችን የተሰጠው ስም ጠይብ መሆኑን ታውቃላችሁ። ቃሉ ጠቢብ ከሚለው የወጣ ነው ይባላል፤ እንዴት አድርጎ ስድብ እንደ ሆነ ግን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ባለ እጁን ሠራተኛ እንዳይሰድቡ በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔም በልጅነቴ ከሠፈር ልጆች ያን ስም ሰምቻለሁ፤ የሰደቡኝ ልጆች እናቶች በአንገታቸው ያሰሩት መስቀል ግን የአባቴ እጅ ሥራ ነበር።

በመድረኩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የካሪስዮስ ዲናርና የአክሱም ገንዘብ የጐሉ ፎቶግራፎች ተቀምጠዋል። ከእነርሱ ጐን ለዚህ በዓል በለስላሳ ድንጋይ ላይ ተገልብጦ የተቀረጸ የትምህርት ቤታችን ምልክት አለ። የቀረጽነው አባቴና እኔ ነን፤ የሁለታችንም ስም ከጠርዙ ሥር ተጽፏል፥ ለማንበብ ግን በሰም ላይ ማተም ያስፈልጋችኋል። ሰሙ በትንሽ ምድጃ ላይ ቀልጧል። የኋላ መቀመጫዎች በቅድሚያ ይምጡ፤ ሰሙ ቶሎ ስለሚደርቅ ድንጋዩን ወዲያው ተጫኑና ቀጥ አድርጋችሁ አንሡት።